ከሰባቱ ቀን በኋላ የሚመጣው ሒሳብ

(የክራር ድምፅ፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል)



የዛሬው ጉዳያችን ሰው በደኅና ቀን ሊያነሣው የማይወድደው ነገር ነው፤ የቀብርና የለቅሶ ወጪ። ስሙ ሲነሣ "ያርቀው" ብለን ወሬ እንለውጣለን። እኔም ያርቀው እላለሁ። ነገር ግን ያርቀው ያልነው ነገር አንድ ቀን በር ማንኳኳቱ አይቀርምና፣ ዛሬ ወሬ ሳንለውጥ አብረን እንነጋገር።

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። እናት በሆስፒታል ሰንብተው ሌሊት ላይ ዐረፉ። ልጆቹ መርዶውን በስልክ አይሰሙም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ በራቸው ላይ ይቆማል። ገና እንባቸው ሳይደርቅ ከሆስፒታሉ ወረቀት፣ ከቀባሪዎቹ ጥያቄ ይመጣል። በዚህ አገር፣ በእስራኤል፣ ቀብር አይዘገይም፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይፈጸማል። ከኔታንያ፣ ከረሆቮት፣ ከአሽዶድ፣ ከቅርያት ጋት፣ ከቤር ሼቫ ዘመድ በአውቶቡስ ይመጣል። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ሰባት ቀን ሙሉ እንጀራ ይጋገራል። ከዚያ ሰዉ ይበተናል። በስምንተኛው ቀን ትልቁ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን ዘርግቶ ብቻውን ይቀመጣል። የአውቶቡሱ፣ የድንኳኑ፣ የሥጋው፣ የመጠጡ፣ ገና ያልታዘዘው የመቃብር ድንጋይ።

የዛሬው ትምህርታችን ለዚያ ልጅ ነው። ልነግረው የምፈልገው ቁም ነገርም አንድ ነው። በዚህ አገር መቃብሩ የተከፈለ ነው። ቤት የሚያናጋው የሰባቱ ቀንና የድንጋዩ ወጪ ነው። ለዚህም መፍትሔው ሁለት ነው፤ አንደኛው ሳንጠይቀው የምንተወው መብታችን፣ ሁለተኛው ከአባቶቻችን የወረስነው መረዳዳት።

(አጭር ሙዚቃ)

በመቃብሩ እንጀምር። የእስራኤል ነዋሪ ሲሞት በሚኖርበት አካባቢ የሚፈጸመውን መደበኛ ቀብር የሚከፍለው ብሔራዊ የመድን ተቋሙ፣ ቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ነው። ገንዘቡ በቤተሰቡ እጅ አያልፍም፤ ፈቃድ ላለው ቀባሪ፣ ማለትም ለሄቭራ ካዲሻ፣ በቀጥታ ይከፈላል። አስከሬኑን ከሆስፒታል ወይም ከቤት ማንሣት፣ ማጠብና ማንጻት፣ መገነዝ፣ መቃብሩን መቆፈርና መሸፈን፣ ስም የተጻፈበት ጊዜያዊ ምልክት ማቆም፣ ይህ ሁሉ በዚያ ክፍያ ውስጥ ነው። ሳጥን እንኳ አይገዛም፤ በአይሁድ ሥርዓት ሟች በከፈን ተጠቅልሎ ወደ አፈር ይመለሳልና።

ስለዚህ "እናታችንን የምንቀብርበት ገንዘብ የለንም" ብሎ በዚያች ሌሊት መበደር አያስፈልግም። እናታችሁ ይቀበራሉ። ሀብታም የሚቀበርበት ክብር አይጎድልባቸውም።

ታዲያ ቤተሰብ በቀብር ሰዓት ገንዘብ የሚጠየቀው መቼ ነው? ከመደበኛው የተለየ ነገር ሲፈልግ ነው። አንደኛው፣ ሰው በሕይወት ሳለ ለራሱ ቦታ ሲገዛ ነው። ሁለተኛው፣ አባት ሲቀበሩ ከጎናቸው ለእናት ቦታ ሲያዝ ነው። ሦስተኛው፣ ሟቹ ከሚኖርበት ከተማ ውጭ፣ ወይም ለአዲስ ቀብር በተዘጋና ልዩ በተባለ መካነ መቃብር እንዲያርፍ ሲፈለግ ነው። ለእነዚህ የሚጠየቀው ዋጋ ቀባሪው እንደፈለገ የሚቆርጠው አይደለም፤ ቢቱዋህ ሌኡሚ የሚቆጣጠረው ታሪፍ አለው። ስለዚህ ታሪፉን በጽሑፍ አሳዩን ማለት ነውር አይደለም።

የሃይፋ ሰው የመቃብር ቦታዎቹን ያውቃቸዋል። አንዱ በከተማዋ ደቡባዊ መግቢያ፣ በክፋር ሳሚር፣ ለባሕሩ ቅርብ የሆነው ስዴ ዬሆሹዓ ነው። ሌላው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለው ቴል ሬጌቭ ነው። መሬት እየጠበበ በመሄዱ በአገሪቱ በብዙ ቦታ መቃብር በፎቅ፣ በግድግዳ ውስጥና በድርብርብ እየተሠራ ነው። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ቤተሰብ በቀብሩ ቀን ሲያየው ይደነግጣል፤ "እናቴን ግድግዳ ውስጥ?" ብሎ የተሻለ የመሰለውን ሁሉ በገንዘብ ለመግዛት ይሮጣል። ድንጋጤው ሰው የሚረዳው ነው። ግን በእሳት ሰዓት የተደረገ ውል በኋላ ይቆጫል። ምን ዓይነት ቦታ በነፃ እንደሚሰጥ በደኅና ቀን ሄዳችሁ ጠይቁ።

እንግዲህ በዚያች ሰዓት የምትጠቅማችሁን አንዲት የዕብራይስጥ ጥያቄ ልንገራችሁ፤ በቃላችሁ ያዟት። «ዜ ሒናም ኦ በታሽሉም?» ይህ በነፃ ነው ወይስ በክፍያ? ሐዘንተኛው ራሱ አይጠይቃት። ሐዘንተኛ ጆሮ የለውም፤ የሚሰጡትን ሁሉ ይፈርማል። ከአጎት ልጅ፣ ከአማች ወይም ከጎረቤት አንድ ረጋ ያለ፣ ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ምረጡ። ወረቀት ሁሉ በእሱ በኩል ይለፍ። ገንዘብ ከተከፈለም ካባላ፣ ደረሰኝ ማለቴ ነው፣ ሳይቀበል አይመለስ።

የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ወረቀት ሆዳዓት ፕቲራ ነው፤ የሞት ማስታወቂያ። ሰው በሆስፒታል ካረፈ፣ በራምባም ይሁን በካርሜል ወይም በብኔ ጽዮን፣ ወረቀቱ ከዚያው ይሰጣል። በቤት ካረፈ ሐኪም መጥቶ ይጽፈዋል። ያ ወረቀትና የሟቹ መታወቂያ፣ ቴዑዳት ዜሁት፣ ካሉ የቀብሩ ሥራ ይጀመራል። የሞት ምስክር ወረቀቱ፣ ቴዑዳት ፕቲራ፣ በኋላ ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከሚስራድ ሀፕኒም፣ ይወጣል። ባንኩም፣ የጡረታ ድርጅቱም የሚጠይቃችሁ እሱን ነውና ቅጂዎች አዘጋጁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በመዝገብ ላይ አይሁዳዊ ተብሎ ያልተጻፈ ሰው ሲሞት፣ ወይም ወደ አይሁድ እምነት የመመለስ ሥርዓቱን ገና ሳይጨርስ ያረፈ ሰው ሲኖር፣ ቤተሰቡ የት ይቀበራል ብሎ በሁለት ሐዘን ይመታል። በ1996 የወጣው የአማራጭ ሲቪል ቀብር ሕግ ሰው ያለ ሃይማኖት ተቋም እንዲቀበር መብት ይሰጣል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ካለ፣ ሰውየው በጤና ሳለ መልሱን ፈልጉ። ቄሶቻችንንም አማክሩ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መብታችን እንለፍ፤ ለቤተሰቡ ወደሚገባው ገንዘብ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት ሳያውቅ የሚጎዳው።

የመጀመሪያው ማዓናክ ፕቲራ ይባላል። ሟቹ ከቢቱዋህ ሌኡሚ ኪትስባት ዚክና፣ የእርጅና ድጎማ፣ ወይም ሌላ ቋሚ ድጎማ ይቀበል ከነበረ፣ ለባለቤቱ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ባል ወይም ሚስት ከሌለ በሕጉ ልጅ ተብሎ ለተቆጠረ ይደርሳል። ለድንኳንና ለምግብ ተብሎ የተሰየመ ባይሆንም፣ በዚያ ሰሞን ለደረሰበት ቤት ትልቅ ትንፋሽ ነው።

ሁለተኛው ኪትስባት ሼኢሪም ነው፤ የቀሪዎች ድጎማ። ሟቹ ኢንሹራንሱን ለተወሰነ ጊዜ ከከፈለ፣ ለሚስት፣ ለባልና ለልጆች በየወሩ የሚከፈል ነው። መጠኑ እንደ ዕድሜና እንደ ልጆች ቁጥር ይለያያል። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ደግሞ ሃሽላማት ሃኽናሳ፣ የገቢ ማሟያ፣ ሊታከልበት ይችላል። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ጥያቄውን በ12 ወር ውስጥ አስገቡ። ከዘገያችሁ ያለፈው ገንዘብ ይቀራል። እናቶቻችን "ሐዘኔን ልጨርስ፣ ተዝካሩ ይውጣ" ሲሉ ዓመት ያልፋል። ተዝካሩም ይውጣ፣ ጥያቄውም ይግባ፤ አንዱ አንዱን አይከለክልም።

ሦስተኛ፣ ሰውየው የሞተው በሥራ ላይ ወይም ከሥራ በመጣ ጉዳት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በግንባታ፣ በፋብሪካ፣ በወደብ የሚሠሩ ልጆች አሉን። በሥራ አደጋ የሞተ ሰው ቤተሰብ የሚያገኘው ድጎማ ከተራው የተለየ ነውና፣ ለቢቱዋህ ሌኡሚ ስታመለክቱ ይህን ሳትናገሩ አትለፉ።

አራተኛው ብዙዎች የማያስታውሱት ነው። ከ2008 ጀምሮ በዚህ አገር ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ጡረታ ማስቀመጥ ግዴታ ሆኗል። አባታችሁ ጥበቃ ይሁኑ፣ እናታችሁ ጽዳት ይሥሩ፣ በስማቸው የተቀመጠ ገንዘብ ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ውስጥም ለቀሪዎች የሚከፈል መድን ሊኖር ይችላል። የደመወዝ ወረቀቱን፣ ትሉሽ የምንለውን፣ ፈልጋችሁ ለየትኛው ድርጅት ይቆረጥ እንደነበር እዩ። ወረቀት ከጠፋም መንገድ አለ። መንግሥት ሃር ሃኬሴፍ፣ "የገንዘብ ተራራ"፣ የሚባል ድረ ገጽ አለው፤ ወራሾች የሟቹን የተረሳ ቁጠባ ይፈልጉበታል። ለኢንሹራንስም ሃር ሃቢቱዋህ አለ። ልጆቻችሁ በስልካቸው ይከፍቱታል። ከእነሱ ጋር ተቀምጣችሁ አስፈልጉ። እነዚህ ድረ ገጾች የመንግሥት ናቸውና ገንዘብ አይጠየቅባቸውም። "እኔ አስወጣላችኋለሁ፣ ከመቶ ይህን ያህል ስጡኝ" የሚል ሰው ቢመጣ አትቸኩሉ።

አምስተኛው ባንክ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የከፈተው ሒሳብ ባለቤቱ ሲሞት ይዘጋል፤ ወራሹ የውርስ ትእዛዝ እስኪያመጣ ድረስ አይነካም። የባልና ሚስት የጋራ ሒሳብም ቢሆን፣ አሪኹት ያሚም የምትባል አንቀጽ ከሌለችበት ሊታገድ ይችላል። ይህች አንቀጽ አንዱ ሲሞት ሌላው በሒሳቡ መጠቀሙን እንዲቀጥል የምታደርግ ናት። ሚስት የባሏን ሬሳ ቀብራ ስትመለስ ለዳቦ የሚሆን ገንዘብ ከባንክ ማውጣት ሲያቅታት፣ ያ ውርደት ነው። አንድ ፊርማ ያድነዋል። ነገ ባንካችሁ ሄዳችሁ "አሪኹት ያሚም አለን ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለጥያቄ ሁሉ የቢቱዋህ ሌኡሚ የስልክ መሥመር ኮከብ 6050 ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችንና ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን የሚመክር አገልግሎትም በተቋሙ ውስጥ አለ። የውርስ ጉዳይ ሲከብድ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለውን ሲዩዓ ሚሽፓቲ፣ የሕግ ድጋፍ፣ ሊጠይቅ ይችላል።

(ሙዚቃ፤ ትንሽ ረዘም ይላል)

አድማጮቻችን፣ መቃብሩን አይተናል፣ መብቱንም አይተናል። አሁን ወደ ለቅሶው ቤት እንግባ።

ወጪው ለምን እንዲህ ይበዛል? ብዙ ሰው "ለይሉኝታ ነው" ይላል። እኔ ግን ከይሉኝታ የጠለቀ ነገር አያለሁ። በ1984 አካባቢ ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ወጥተው በሱዳን በኩል ያለፉ ወገኖቻችንን አስቡ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች፣ በኡም ራኩባና በሌሎቹ፣ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ለእነሱ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን እንዘክራቸዋለን። ግን ልጁን በሌሊት በአሸዋ ሸፍኖ የሄደ አባት፣ እናቱን ያለ ምልክት ትቶ የተሻገረ ልጅ፣ ዛሬ በሃይፋ ዘመዱ ሲሞት ትልቅ ድንኳን ቢያስተክል፣ ውድ ማትሴቫ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ ቢያቆም፣ ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚያቆመው። እዚያ ላልለቀሰለት ሰውም እዚህ እየለቀሰ ነው። ይህን ሳንረዳ "ወጪ ቀንሱ" ብንል ማንም አይሰማንም።

ከኢትዮጵያ የሚመጣው መርዶም አለ። በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ወንድም ሲሞት ቀብሩ እዚያ ነው፣ ለቅሶው እዚህ። ሰው ወደዚያ ይልካል፣ እዚህም ያስተናግዳል፤ ቤቱ ሁለት ጊዜ ያወጣል።

እንግዲህ ይህን ክብር ሳንነካ ዕዳውን እንዴት እንቀንስ? መልሱ ከአባቶቻችን አለ። በአገር ቤት በቤተ እስራኤል መንደር ሰው ሲሞት ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። መቃብር ቆፋሪው ጎረቤት ነው። እንጀራውም ጠላውም ከጎረቤት ነው። ኦሪት በዘኍልቍ ምዕራፍ 19 እንደሚያዝዘው ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነውና ከሰው ተለይቶ ይቆይ ነበር። ያን እያወቁ ሬሳ ለመሸከም የሚነሡ ሰዎች ለሟች ሰባት ቀን ዕድሜያቸውን ይሰጡ ነበር። ያ ስጦታ ከብር ይበልጣል።

የዚህ አገር አይሁድ አበውም ተመሳሳይ ነገር አስተምረዋል። ታልሙድ፣ ሞዔድ ቃጣን በሚባለው ክፍሉ፣ ሁለት ታሪክ ይነግረናል። በጥንት ዘመን የቀብር ወጪ ከሞቱ ይልቅ ለዘመድ ይከብድ ስለነበር ሬሳውን ጥለው የሚሸሹ ሰዎች ነበሩ። ረባን ገምሊኤል ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ በቀላል የበፍታ ልብስ ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ በበፍታ መቀበር ጀመረ። ሁለተኛው ታሪክ ለሐዘንተኛ ቤት ስለሚወሰድ ምግብ ነው። ሀብታሞች በብርና በወርቅ ቅርጫት፣ ድኾች በተላጠ የአኻያ ቅርጫት ይወስዱ ነበር። ድኾቹ ሲያፍሩ፣ ሁሉም በአኻያ ቅርጫት እንዲወስድ ተደነገገ።

አባቶቻችን በጎንደር ታልሙድ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ኦሪት ነው። ግን ትርጉሙን በኑሯቸው ያውቁት ነበር። በሁለቱም ወግ ሐዘንተኛ ምግብ አያበስልም። ከቀብር ሲመለስ የሚበላው የመጀመሪያ ምግብ ከሌላ ሰው እጅ መምጣት አለበት። ዛሬ ግን በብዙ ቤት የምናየው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሐዘንተኛው አብሳይ ቀጥሮ እንግዳ ይመግባል። ወጉ የጠፋው በዚህ ነው፣ በእንጀራው ማነስ አይደለም።

ስለዚህ ዕድር እንመልስ። ዕድር በኢትዮጵያ ከተሞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ፣ በየወሩ ጥቂት ተዋጥቶ ሰው ሲሞት ለቤቱ የሚደርስ ማኅበር ነው። በዚህ አገርም ያቋቋሙት ቤተሰቦችና ጎረቤቶች አሉ። እስካሁን ዕድር የሌላችሁ ይህን ሐሳብ ውሰዱ።

ከ20 እስከ 40 ቤተሰብ በመግባባት ይጀመራል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። ከሦስቱ አንዷ ሴት ብትሆን መልካም ነው፤ የለቅሶ ቤትን ሥራ ከእናቶቻችን በላይ የሚያውቅ የለምና። መዋጮው ሁሉም ሳይጨነቅ የሚከፍለው ይሁን። ደንቡ በአማርኛም በዕብራይስጥም ይጻፍ፤ ነገ የሚረከቡት ልጆቻችሁ ናቸው። ለማን እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ለወላጅ፣ ለባለቤት፣ ለልጅ፣ ለወንድምና እኅት? በኢትዮጵያ ለሞተ ዘመድስ? በሐዘን ቀን ሊነሣ የሚችል ክርክር ሁሉ በደኅና ቀን ይለቅ። ገንዘቡ ሞት በተሰማ በ24 ሰዓት ውስጥ ለቤተሰቡ ይድረስ፤ ከተዝካር በኋላ የሚደርስ ዕድር ዕዳውን አይከላከልም።

ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ዕቃ ግዙ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ትልቅ ድስት፣ የሻይ ማፍያ። አንድ ጊዜ የተገዛ ድንኳን ለዓመታት ያገለግላል። ማኅበሩ ሲያድግ በ1980 በወጣው የማኅበራት ሕግ መሠረት ዓሙታ፣ ሕጋዊ ማኅበር፣ ሆኖ መመዝገብ ይችላል፤ ያኔ በራሱ ስም የባንክ ሒሳብ ይኖረዋል። እስከዚያው የጋራ ገንዘብ ቢት በሚባለው የስልክ መክፈያ በአንድ ሰው ስም አይጠራቀም። ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ፣ ሐሜት ታማኝን ያጠፋል።

ዕድር ለሌላቸው፣ ወይም ዕድሩ ላልበቃቸው፣ ሌላም በር አለ። በአይሁድ ወግ ጌማህ የሚባል አለ፤ ያለ ወለድ የሚያበድር። በ1990 በኢየሩሳሌም የተቋቋመ፣ ዛሬ ኦገን የሚባል ማኅበር ሥራውን የጀመረው ከኢትዮጵያና ከሶቭየት ኅብረት የመጡ አዲስ ገቢዎችን ለመርዳት ነበር። ዋስ ይጠይቃል፣ ወለድ ግን አይወስድም። ከመንደር አራጣ አበዳሪ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን በር አንኳኩ። በማዘጋጃ ቤት የማኅበራዊ ደኅንነት ክፍል፣ በሬቫሃ፣ ያሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችም፣ በሆስፒታሉ ውስጥ ያለችው ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ኦቬዴት ሶትስያሊትም፣ የት እንደምትሄዱ ይመሯችኋል። ሐዘንተኛ የሆነ ሠራተኛም ከቀጣሪው ጋር ይነጋገር፤ የሐዘን ቀናት ከዓመት ዕረፍት አይቆጠሩም።

ለማትሴቫውም ጊዜ አለ። ቢቱዋህ ሌኡሚ ድንጋዩን አይከፍልም፤ ግን በሰባተኛው ቀን እንዲቆም የሚያስገድድ የለም። በሠላሳው ቀን ወይም በዓመቱ ይቆማል። ከሁለት ሦስት ድንጋይ ጠራቢ ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ። ስሙ በዕብራይስጥም በአማርኛም ይጻፍ፣ የመጡበት ቀበሌ ስምም ይጨመርበት። እነዚህ ቃላት በተራ ድንጋይ ላይም ያው ናቸው።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይገባል)

ልንሰነባበት ስንል በዚህ ሳምንት የምታደርጉትን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ወላጆቻችሁ ዘንድ ሂዱ። ቡና ይፈላ። ከቡናው በኋላ እንዲህ በሏቸው፤ "አባባ፣ እማማ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ፤ ወረቀቶቻችሁ የት እንዳሉ አሳዩኝ።" ቴዑዳት ዜሁታቸው፣ የባንክ ደብተራቸው፣ የጡረታ ወረቀታቸው በአንድ ፖስታ ይግባ። የት መቀበር እንደሚፈልጉ ይንገሯችሁ። እናታችሁ "ገና ሳልሞት ቀበራችሁኝ?" ብለው ሊቆጡ ይችላሉ። ታገሡ። ሲረጋጉ የሚነግሯችሁ ነገር ይኖራቸዋል፤ ምናልባትም በሱዳን መንገድ የት፣ ማንን እንደቀበሩ የዚያን ዕለት ትሰማላችሁ።

ያ ፖስታ ሲዘጋ፣ በስምንተኛው ቀን ጠረጴዛው ፊት ለፊት የሚቀመጠው ልጅ ብቻውን አይደለም። ወረቀቱ በቦታው ነው። መብቱን ያውቃል። የዕድሩ ገንዘብ ደርሷል፤ ጎረቤት ምግብ አምጥቶ ሄዷል። የሚቀረው ሐዘኑ ብቻ ነው፤ ሐዘን ደግሞ በዚያ ቀን ለእናቱ የሚገባት ነው።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ያረፉትን ነፍስ ይማር፣ ያሉትን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

(የክራር ድምፅ ከፍ ብሎ ያልቃል)